ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ሙሽራ

ይህችን ቀልድ እስከ መጨረሻዋ ከሰማችሁኝ ጊዜያችሁ በከንቱ አይሄድም። ስለ ጥገና ሙያ ተስፋና ስለ ደሞዝ ጭማሪ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሌላ አስተማሪማ የት አግኝቼ!

አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ነው፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ያላቸው ጋሽ ድንበሩ ሠራተኛቸው ይርጋ ዘንድ ደወሉ።

«ፍሪጁ ደግሞ ቆመ! ቶሎ ና!»

የሱቁን ፍሪጅ አይደለም፣ የቤታቸውን ማለታቸው ነው። የቤታቸው ፍሪጅ አመል አለበት፤ እሑድ እሑድ ይበላሻል። ጋሽ ድንበሩ «ዘንድሮ ደህና ዕቃ የለም» እያሉ ያማርራሉ እንጂ፣ ልጃቸው መቅደላዊት ከኋላ ገብታ ሽቦውን እንደምትነቅል አያውቁም። መቅደላዊትና ይርጋ ይዋደዳሉ። ሌላ መገናኛ ስላጡ በፍሪጅ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ጋሽ ድንበሩ እጃቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ይርጋ ደሞዝ ይጨመርልኝ ባላቸው ቁጥር፣ ሱቃቸው እስከ በሩ በተበላሸ ዕቃ ተሞልቶ እያለ፣ «ልጄ፣ የጥገና ሥራ እኮ እየሞተ ነው። ነገ ሰው ዕቃው ሲበላሽበት ጥሎ አዲስ ነው የሚገዛው» ይሉታል። ይህ ልክ አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ መማር አያስፈልግም። የአዲስ ፍሪጅ ዋጋ ጠይቆ የወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እስቲ አስቡት። በቀጥታ ወደ ጠጋኝ ነዋ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያ እሑድ ይርጋ ሽማግሌ የላከበት ቀን ነበር። በደንቡ አግቢው ከሽማግሎቹ ጋር አይሄድም፤ እቤቱ ተቀምጦ በጭንቀት ወሬ ይጠብቃል። ይርጋም እንደዚያው ሊያደርግ አስቦ ነበር። መቅደላዊት ግን ብቻዋን መጨነቁን አልቻለችም፤ ሽቦውን ነቀለችው። አሠሪ ጠርቶ ደግሞ አልመጣም አይባል። ይርጋ ካቻቪቴውን ይዞ መጥቶ ገና ከፍሪጁ ጀርባ እንደገባ በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ሽማግሎች፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ።

«ግቡ፣ ግቡ! ቁጭ በሉ እንጂ!» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ አቶ ፈንቴ። ያው እንደምታውቁት ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ ወንበር አይነካም። «ልጅዎን መቅደላዊትን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ጋሽ ድንበሩ ስሙን ሳይጠይቁ ሥራውን ጠየቁ። «ምን ይሠራል?»

«ጠጋኝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው።»

«እጁን ተዉትና ደሞዙ ስንት ነው?»

አቶ ፈንቴ ሳል ሳል አደረጋቸው። «አምስት ሺህ ብር።»

«አምስት ሺህ?!» አሉ ጋሽ ድንበሩ ጮክ ብለው። «በዚህ ኑሮ? ዘይት ገዝቶ ሽንኩርት ሊበደር ነው? ለመሆኑ እንዲህ የሚከፍለው አሠሪ ፈጣሪን አይፈራም?»

«እሱን እኛም አንዳንዴ እንጠይቃለን» አሉ አቶ ፈንቴ። ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«ለነገሩ እኔን ምን አደከመኝ! ባለሙያው እዚሁ አለላችሁ። ይርጋ! እስቲ ውጣ!»

ይርጋ ከፍሪጁ ጀርባ ብቅ አለ። አፍንጫው ላይ አቧራ፣ ጆሮው ላይ የሸረሪት ድር። አቶ ፈንቴ ሲያዩት ምርኩዛቸው ከእጃቸው ሊያመልጥ ነበር።

«ንገራቸው» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «የጠጋኝ ሥራ ወደፊት ተስፋ አለው? ደሞዙስ ያድጋል? እውነቱን ተናገር፤ የሰው ልጅ ችግር ላይ አትጣል!»

እንግዲህ ጭንቁን እዩት። «ተስፋ የለውም» ቢል መቅደላዊትን ያጣል። «አለው» ቢል በእንግዳ ፊት አሠሪውን ውሸታም ማድረጉ ነው፤ ነገ ሱቁ ይዘጋበታል። መቅደላዊት ጓዳ ውስጥ ሆና የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

ይርጋ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሥራውማ ተስፋ አለው፣ ጋሼ። መብራት እየሄደ እስከመጣ ድረስ ፍሪጅ ይቃጠላል፤ ፍሪጅ እስከተቃጠለ ድረስ እኛ ጦም አናድርም። የደሞዙን ማደግ ግን እኔ አላውቅም። እሱን የሚወስነው አማቴ ነው።»

«አንተ ደግሞ! መቼ አግብተህ ነው አማት ያገኘኸው? ማን ነው አማትህ?»

«እሱን ለመስማት እኮ ነው፣ ጋሼ፣ ሽማግሎቹ የቆሙት።»

ጋሽ ድንበሩ ሽማግሎቹን አዩ፣ ይርጋን አዩ፣ ስለዚያ ፈጣሪን ስለማይፈራ አሠሪ የተናገሩት ትዝ አላቸው፤ ከሁሉም ቀድመው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ሽማግሎቹም ይህን እንደ እሺታ ቆጥረው ተከትለዋቸው ተቀመጡ።

ደሞዙ በዚያው ሳምንት አደገ። እናንተም ጠጋኝ ከሆናችሁና ደሞዛችሁ አልነቃነቅ ካለ፣ ማመልከቻ መጻፉን ተዉትና ሽማግሌ ላኩ። አሠሪያችሁ ሴት ልጅ ባይኖረው እህት አያጣም። ሂዱ፣ ሞክሩት!