ድንጋዩ ሲታይ

ልጄ፣ የድልድዩን እግር ወራጅ ውሃ ውስጥ ፎቶ እያነሳሽ ትለኪያለሽ። ውሃው ምስሉን ያጣምመዋል። «አባዬ፣ መኪና ይለፍ አይለፍ የሚባለው በእኔ ቃል ነው፤ ፈራሁ። ከፎቶዎቹ የትኛውን ልመን?» ብለሽኛል። ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ጊዜው ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መስከረም። ዝናቡ በዚያ ጠዋት ቆሟል፤ ሰማዩ ግን እንደጠቆረ ነበር።

የሰውየው ሚስት ምጥ ጠንቶባት ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ ዳር አደረሷት። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። በዚያ አገር መሻገሪያው መሃል ውሃ ውስጥ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ከታየ ይሻገራሉ፤ ካልታየ ይመለሳሉ። አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ያን ቀን ድፍርሱ ጠርቶ ድንጋዩ ታየ። ወንዙ ግን አልጎደለም።

«ጭን ቢደርስ ነው፤ እንግባ» አሉ ተሸካሚዎቹ።

ሰውየው ድንጋዩን አየ። ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይሰበራል፣ መልሶ ይገጥማል።

«ቆዩ» አለ።

«ምን እንቆያለን! ሴትዮዋ ልትሞትብን እኮ ነው!» አለ አንዱ።

«ውሃ ፈርተህ ነው? እንግዲያስ አንተንም ቃሬዛው ላይ እንጫንህ» አለ ሌላው።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ ሰውየው።

ሚስቱ ቃተተች። ጊዜ እንደሌለው ያውቃል። በእጁ የቦይ ጥልቀት የሚለካበት ዘንግ ነበር፤ በየአንድ ክንድ ርቀት ጠፍር አስሮበታል። ዳር ላይ ተንበርክኮ፣ ለዓይን ጉልበት የማያልፍ የሚመስለው ቦታ ላይ ሰደደው። ዘንጉ ወረደ፣ ወረደ። መሬት ነክቶ ሲቆም ውሃው ሁለተኛውን ጠፍር ውጦታል። በጠፍሮቹ መካከል ያለው፣ አንድ ክንድ መሆኑን የሚያውቀው፣ ውሃው ውስጥ ሲታይ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም።

ተሸካሚዎቹ ዘንጉን አዩ፤ ቀጥለው ድንጋዩን አዩ። ዳሩ እንዲህ ከሆነ መሃሉ ደረት አልፎ ቃሬዛውን ይወስዳል። የቀለደው ሰው ከውሃው ዳር አፈገፈገ።

«ወደ ላይ» አለ ሰውየው።

ወንዙ ተንጣሎ ወደሚፈስበት ወሰዳቸው። ራሱ ፊት ገብቶ፣ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ዘንጉን እያስቀደመ መራቸው። ውሃው ጭን ላይ ቆመ። ሴትየዋ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተገላገለች።

ልጄ፣ ፎቶሽ እንደዚያ ድንጋይ ነው። ጥርት ብሎ መታየቱ ልክ አያደርገውም። ከፎቶዎቹ አንዱን መርጠሽ አትያዢ። ርዝመቱን የምታውቂውን ነገር ከድልድዩ እግር አጠገብ አስገቢና አብረሽ አንሺው። ውሃው እሱን ምን ያህል እንዳጠፈውና እንዳሳጠረው እዪ፤ የድልድዩንም እግር በዚያው ልክ መልሰሽ አቅኚ። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ወራጁ ውሃ በተለወጠ ቁጥር። እስክትጨርሺ ፍርሃትሽን አትጣዪው፤ መኪናም አታሳልፊ።

ዘንጉ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ጠፍሮቹን ዛሬ ጠዋት ነጭ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ። ሲደርቁ ይዤልሽ እመጣለሁ።