ከተራራው ጫፍ የተሰማው ፉከራ

አንድ ጊዜ፣ ደመና ከአናቱ በማይወርድ ትልቅ ተራራ ግርጌ፣ ጎበዝ አዳኝ የሆነ ነብር ከሚስቱና ከአንድ ልጁ ጋር በዋሻ ይኖር ነበር። በዋሻው ዙሪያ ድኩላው፣ ጥንቸሉ፣ ጅግራው ሞልቷል፤ ቤቱ ጠግቦ ያድራል። ነብር ግን ቀና ብሎ ተራራውን ባየ ቁጥር ልቡ ይሸፍታል። እዚያ ላይ ነፋሱ ሌላ ነው፤ ዝምታውም ሌላ ነው። ባለ ትልቅ ቀንዱ ዋልያም የሚገኘው እዚያ ገደል ላይ ነው። አባቱም አያቱም ዋልያ ጥለው ከጫፉ ላይ ፎክረዋል። በነብሮች ወግ፣ ከዚያ ጫፍ ሳይፎክር ያረጀ ነብር በአዳኝ ስም አይጠራም፤ እሱ ደግሞ ገና አልፎከረም።

በዚያ ሰሞን ሚስቱ ከቋጥኝ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር። አንድ ጠዋት ነብር ሲነሳ አየችውና የሚሄድበት ገባት።

«የልጄ አባት፣ ዛሬ እንኳ ቅር። እግሬ እስኪድን ጠብቀን። ያ ጅብ እኮ ከወንዙ ማዶ ሲዞር ነው የሚውለው» አለችው።

«ጅብ ደግሞ ምኑ ይፈራል? የእኔ ጠረን ባለበት ድርሽ አይልም።»

«የምንበላው አላጣን። ምን ፍለጋ ነው?»

ነብርም «ተራራው ይጠራኛል» ብሎ ልጁን ላሰና ወጣ።

ሽቅብ ሲወጣ ድካም አልተሰማውም፤ እንደ ጥጃ እየቦረቀ ነው የወጣው። ከጫፉ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ዋልያ መሸሻ በሌለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አገኘው።

«ራበህ እንዴ?» አለው ዋልያው።

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«እንግዲያው የእኔንም ቤት፣ ያንተንም ቤት በከንቱ ልታጎድል ነው የመጣኸው።»

ነብር ነገሩን ሳያደምጥ ተወርውሮ ጣለው። ከዚያም አፋፉ ላይ ወጥቶ «ዘራፍ! ዋልያ ጣይ! ገደል ረጋጭ! የነብር ልጅ ነብር!» እያለ ደጋግሞ ሲፎክር ተራራው መልሶ አስተጋባለት። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎት አያውቅም።

ታች ወንዙ ዳር ጅብ ይህን ሲሰማ ጭራውን እግሩ መሀል ወሸቀ።

«እመት ቀበሮ፣ እንሽሽ! ይህን ያህል ከጮኸማ አጠገባችን ነው!»

ቀበሮ ሳቀች። «አይ አያ ጅቦ! የሚፎክረው እኮ ከጫፉ ላይ ነው። ከዚያ እስኪወርድ ጀምበር ታዘቀዝቃለች። ዋሻው ውስጥ ያሉት አንዲት ሰባራና አንድ ደቦል ብቻ ናቸው። ታዲያ ድርሻዬን እንዳትረሳ!»

ጅብ ሆዱን እንጂ ቃሉን የሚያስታውስ ፍጥረት አይደለም፤ ለቀበሮ አጥንት እንኳ አላስተረፈላትም።

ነብር ለልጁ ሊያሳየው ዋልያውን እየጎተተ ቁልቁል ወረደ። ዋሻው ደጃፍ ላይ ደም አየ። ሚስቱ ጆሮዋ ተበጥሶ፣ ፊቷ ተቧጭሮ ተኝታለች።

«ልጄስ?» አላት።

ወደ ባዶው የልጁ መኝታ ዞረች። ያን ጊዜ ገባው፤ እያገሳ ሊወጣ ሲል «ተወው» አለችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል።»

«ምነው በጮህሽ! ሰምቼ በርሬ እመጣ ነበር!»

«ጮኼ ነበር እንጂ። ልጅህም ‹አባዬ! አባዬ!› እያለ ሲጮህ ነበር። አንተ ግን ትፎክር ነበር።»

ነብር የጎተተውን ዋልያ ለቀቀው። በዚያ ቤት እሱን የሚቀምስ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳይቸግረው ለስም ሲል ቤቱን ጥሎ የሚወጣ፣ የሚፎክርበትን ቢያገኝ እንኳ የሚፎክርለትን አጥቶ እንደሚመለስ ነው።