ዋስ የተጠየቀው ባለጸጋ

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ኳስ ይወዳል፣ የጭነት መኪናም ብዙ ነበረው። በሚኖርበት ከተማ ሰው ሁሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ የሚያኖረው የኳስ ቡድን ነበር። ባለጸጋው፣ ቡድኑን ለእኔ ተዉልኝ፣ ከእንግዲህ ማንም አያዋጣ አለ። ሰዉም ደስ ብሎት ሰጠው።

ደህና ደህና ተጫዋቾችን ከሩቅ አገር ሊያስመጣ ሲነሣ፣ የቡድኖችን ሒሳብ እንዲጠብቁ የተሾሙ አንድ ሽማግሌ መጡና ዋስ ጠየቁት። ባለጸጋው ሳቀ። ለከተማው ሰው ሁሉ ዋስ የምሆነው እኔ፣ ለእኔ ደግሞ ማን ሊዋሰኝ ነው አለ።

«ዛሬማ አለህ፤ ነገን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው» አሉት ሽማግሌው። «እንግዲያው ገንዘብህ ራሱ ዋስ ይሁንህ። የተጫዋቾቹን የዓመት ደመወዝ አስቀድመህ ባንክ አስገባ። የቡድኑን ሜዳ ደግሞ ለብድር እንዳታስይዝ።»

ሰዉ በሽማግሌው ላይ ተነሣ። ቀናተኛ ነው አሏቸው። ለእሱ ኳስ ቢያቀብሉት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣታል እያሉም ሳቁባቸው። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ባለጸጋው ተናዶ፣ አፋቸውን ላስዘጋ ብሎ ገንዘቡን አስገባ። ገንዘቡ ባንክ ስለተቀመጠም፣ ካሰባቸው ተጫዋቾች የመጡት እኩሌታዎቹ ብቻ ሆኑ።

ዓመቱ ሳይጋመስ ነገር ተገለበጠ። መኪኖቹ ለካ በብድር የተገዙ ኖረዋል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ አበዳሪዎቹ እየመጡ ወሰዷቸው። ወደ ቡድኑም መጡ። ሜዳው አልተያዘም፤ ባንክ ያለውም የተጫዋቾቹ ነው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ተጫዋቾቹ ደመወዛቸውን እየተቀበሉ ዓመቱን ጨረሱ፤ ሰዉም አፍሮ ተመልሶ ማዋጣት ጀመረ።

ባለጸጋው ከቤቱ አልወጣ ብሎ ከረመ። በመጨረሻው ጨዋታ ቀን ግን መጣና ከሰዉ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መዋጮ ሰብሳቢው ሲደርስበት እሱም እንደ ሌላው ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ከዚያ ተነሥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

«አባቴ፣ እጄን ባይዙኝ ኖሮ ዛሬ የምቀመጥበት ሣር አልነበረኝም» አላቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ ገንዘቡ የራሱ ከሆነ ለምን ይከለክሉታል ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሴ ይኸው ነው። ባለጸጋው የቡድንህ ባለቤት ነው፤ ሽማግሌው እነዚያ አንተ የምትረግማቸው ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ገንዘቡስ የራሱ ነው፤ ቡድኑ ግን የሁላችሁም ነው። ማታ ስትጸልይ ቡድንህ እንዲያሸንፍ ስትለምን እሰማሃለሁ። ዛሬ ስለ እነሱም አንድ ጊዜ ተመስገን በል።