ሁለት አፈሙዝ፣ አንድ መውጫ

በአንድ ወቅት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጎሬ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ግቢ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ጉሙ በቡናው አናት ላይ ተኝቶ አድማሱን ሰውሮታል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከመጮሁ የተነሣ በቤቱ ያሉት አራት ሰዎች ለመደማመጥ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። ከግቢው ግርጌ ወንዙ ቀይ ለብሶ ዳርቻውን እየበላ ነበር።

ከአራቱ ሦስቱ የግራዝማች ወንድይራድ ልጆች ናቸው፤ ዘርጋው፣ ማንጠግቦሽ፣ ታደገ። አራተኛው ከአዲስ አበባ የመጣው የጥንት መሣሪያ ገማች፣ አቶ ልሳነወርቅ ነው። ግራዝማች ከአንድ እንግሊዛዊ ቡና ነጋዴ በስጦታ ያገኙትን ባለ ሁለት አፈሙዝ የዝሆን ጠመንጃ ሊያይ መጥቷል። መኪናው ከወንዙ ማዶ ቆማለች፤ እሱን ያሻገረው ኡጁሉ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነው።

ይህ ጠመንጃ ሲፈታ ሦስት ቦታ ይሆናል፤ ጥንዶቹ አፈሙዞች፣ ሰደፉ ከነመተኮሻው፣ ከአፈሙዙ ሥር ገብቶ ሁለቱን የሚያያይዘው አጭር እንጨት። ግራዝማች ሞት አልጋ ላይ ሆነው ልጆቻቸው እንዳይጋደሉበት ፈሩ፤ ስለዚህ ፈትተው ለሦስቱም አከፋፈሉት። በንስሐ አባታቸው ፊትም እንዲህ ሲሉ አስማሏቸው፦ «ሦስታችሁ በአንድ ቃል ካልተስማማችሁ አይገጠም። ከዚህ ግቢ የሚወጣውም ሙሉ ሆኖ ነው። አንዳችሁ ይዞት ይውጣና በወደደው አገር ይኑር፤ ሁለታችሁ መቃብሬን ጠብቁ። ማን እንደሚወጣ እስክትስማሙ ድረስ ማናችሁም በሌላ ጣሪያ ሥር አትደሩ።»

አልተስማሙም። ዓመታት በዚያ ግቢ ላይ እንደ ሸክላ ተደራርበው ደረቁ። ሦስቱ በሦስት ጎጆ ተቀምጠው፣ በአንድ በር እየገቡ፣ አንዱ የሌላውን ጭስ እያየ ኖሩ።

ዘርጋው ታላቁ ነው፤ ድርሻው አፈሙዞቹ ነበሩ። ሚስት ሳያገባ በዚያ ግቢ አረጀ፤ ደምቢዶሎ የታጨችለት ልጅ «አባትህ መቃብር አጠገብ አልኖርም» ብላ ሌላ አገባች። አፈሙዞቹን ግን በበግ ሞራ እያሸ፣ በለስላሳ ቆዳ እየጠቀለለ፣ ከአልጋው በላይ አንጠልጥሎ ጠብቋቸዋል። ጥይቶቹም እሱ ዘንድ ነበሩ። አቶ ልሳነወርቅ አፈሙዞቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ በአንድ ዓይኑ ውስጣቸውን አየ።

«መስታወት ነው» አለ። «ትናንት ከሠሪው እጅ የወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም።»

«አንድም ቀን አልተኮስኩበትም» አለ ዘርጋው።

«እሱስ እውነት ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «ምስክሩ እኔ ነኝ።»

ማንጠግቦሽ መካከለኛዋ ናት፤ ድርሻዋ ሰደፉ ነበር። በአንድ የበጋ ንጋት ነብር ወደ በረቱ ገብቶ በባሏ በደምስ ላይ ተከመረበት። እሷ ሰደፉን ታቅፋ ወደ ዘርጋው ጎጆ ሮጠች፤ አፈሙዞቹን ለመነች። ዘርጋው በሩን ይዞ ቆመ። ታደገ ገበያ ወርዷልና ሦስቱ አልተስማሙም፤ ካልተስማሙ ደግሞ አይገጠምም። እሷም ተመልሳ ነብሩን በሰደፉ ቀጠቀጠችው። ነብሩ ሸሸ፤ ሰደፉ ከአንገቱ ተሰነጠቀ፤ ደምስ ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ። ሴት ልጇን የባሏ ዘመዶች ወደ ጅማ ወሰዷት። እናት በሌላ ጣሪያ ሥር ማደር አትችልምና ልጇን ሄዳ አላየቻትም።

ገማቹ ሰደፉን አገላብጦ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። ስንጥቁ ላይ የደረቀ የበሬ ቆዳ ተሰፍቶበታል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ፤ በእርጥቡ ሰፋሁት፣ ሲደርቅ እንደ ብረት ያዘ። ምነው፣ ጌታዬ፣ አስቀየመዎ?»

«የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢ የሚወደው እጅ ያልነካውን ነው፣ እመቤቴ። ይህ ግምቱን ክፉኛ ይጥለዋል።»

«የደምስንም ነገር ገምቱልኝ እንግዲህ» አለች፤ ሰደፉንም ከእጁ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ታደገ የመጨረሻው ልጅ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሎት ነበር፤ ሌላ ጣሪያ ሥር ማደር ስለማይችል ቀረ። ያቺን አጭር እንጨት ከፍራሹ ሥር አድርጎ ይተኛባት ነበር። አሁን ገማቹ በማጉያ መነጽሩ አያት፣ በጥፍሩም ጫረት።

«ይህቺ የባሕር ማዶ እንጨት አይደለችም» አለ። «ዋንዛ ናት። የሠሪው መለያ ቁጥርም በቢላ የተቀረጸ ነው።»

ዘርጋው ከወንበሩ ተነሣ። «ምን አልክ?»

«እኔ ቀረጽኳት» አለ ታደገ። «አባታችን የሰጡኝን እንጨት ያቃጠልኩት ደምስ በተቀበረ ማታ ነው፣ ጋሼ። ጠመንጃው ሙሉ መሆን ካልቻለ መሐላው ይፈርሳል ብዬ ነበር። ንስሐ አባታችን ግን ‹እንግዲያው እስከ ሞታችሁ ታሰራችሁ› አሉኝ። ለእናንተ መንገር አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ከበጋ ስቀርጽ ኖርኩ፤ ስንቱን አበላሽቼ ጣልኩ። ይህቺ ገጠመች።»

«በላያችን ቆልፈህ ነበራ» አለች ማንጠግቦሽ።

«መክፈቻውንም የሠራሁ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

አቶ ልሳነወርቅ ሦስቱን ክፍል አነሣ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ በዚያ ግቢ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አፈሙዞቹን በሰደፉ ላይ አጠፈ፣ ዋንዛዋን ከሥር አስገባ፣ ብረቱም ቀጭን ድምፅ ሰጥቶ ተቆለፈ። ጠመንጃው እንደ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተኛ።

«የላከኝ የውጭ አገር ሰብሳቢ ይወስደዋል» አለ ገማቹ። «ለሰደፉና ለእንጨቷ ሲል አይወስደውም፤ ለአፈሙዞቹ ሲል ግን ይወስደዋል። የጠመንጃውን ታሪክ የሚነግረውና በስብስቡ ቤት ጠባቂ የሚሆን አንድ ሰውም አብሮ ይምጣ ብሏል። ዛሬ ካልሆነ ግን ሌላ ይገዛል፤ ከክረምቱ በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል።»

ያን ጊዜ ኡጁሉ ውሃ እያንጠባጠበ በበሩ አንገቱን አስገባ። «ታንኳዬ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ትችላለች። እኔ እጠብቃችሁ ነበር፤ ወንዙ ግን ከእኔ ጋር ዝምድና የለውም።»

«እንግዲህ ፍረዱ» አለ ዘርጋው። «የሚገዛው አፈሙዜን ነው። አንድ ቀን እንኳ ቃሌን ባጓድል ኖሮ ይህ ሰውዬ ወንዝ ባልተሻገረ። ቃል የጠበቀ ካልወጣ ቃል ለምን ይጠበቃል?»

«መስታወቱ የነጣው በደምስ ደም ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «አባቴ ጠመንጃውን የያዙት ሰው ለማዳን ነበር። ከሦስታችን ድርሻውን ለዚያ ያነሣሁ እኔ ነኝ። ጅማ ልጅ አለችኝ፤ መልኬን አታውቀውም።»

«ዋንዛዬን ልንቀላት?» አለ ታደገ በቀስታ። «ስትነቀል ጠመንጃው ሙሉ አይደለም፤ ማናችሁም አትወጡም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ዛሬ በር ያለው በእኔ እጅ ሥራ ነው።»

«በውሸት እንጨት ሙሉ ሆነ ይባላል?» አለ ዘርጋው።

«አልሆነም ካልክ፣ ጋሼ፣ አንተም ተቀመጥ።»

ዘርጋው ወደ ገማቹ ዞረ። «አንተ ሥራህ መገመት ነው። ገምት።»

አቶ ልሳነወርቅ ሦስቱን በየተራ አያቸው። የብረት ዕድሜ ከጭረቱ፣ የእንጨት አገር ከጅማቱ ማወቅ የሚችል ሰው ነበር። «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» አለ፤ ኮፍያውን አደረገ፣ መነጽሩን በኪሱ ከተተ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞም ለጥቂት ጊዜ ጠበቀ።

ሦስቱም በአንድነት መናገር ጀመሩ፤ ጣሪያውም በላያቸው ይጮህ ነበር። ኡጁሉ ከታች ሲጣራ አልሰሙትም። ቀና ሲሉ ደጃፉ ባዶ ነበር፤ ታንኳዋም ጉሙ ውስጥ ገብታለች። ጠመንጃው እንደተገጠመ ቀረ፤ ድርሻዬን ልፍታ ያለ አልተገኘም።

እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ደጃፍ ቆማችሁ ብትሆኑ፣ ጠመንጃውን አንሥታችሁ በማን እጅ ታስይዙ ነበር? ቃሉን ጠብቆ ሰው ላስጠፋው? ሰው ለማዳን ሰደፉን ለሰበረችው? ወይስ በሩን ዘግቶ መልሶ ለከፈተው?

በዚያ ቀን የአንድ ሰው መውጫ ነበረ፤ እሱም ጠፋ።