ገጽ አልሆንም ያለው የዋንዛ ጣውላ

ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ወይዘሮ ተዋበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። የጠረጴዛቸው ገጽ ችፑድ ነበርና፣ ክረምቱ አሳብጦት ብዕራቸው ወረቀት ይበሳ ጀመር። ፍርድ ቤቱ ሰኞ ይከፈታል፤ የተበሳ ማመልከቻ ደግሞ መዝገብ ቤቱ አይቀበልም። ስለዚህ ወደ አናጢው ወደ ጋሼ ሽብሩ ሄዱ።

«ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ጥድ ይሰነጠቃል፤ ለጽሕፈት ዋንዛ ነው» አሉ ጋሼ ሽብሩ፣ ሁለት ዓመት፣ አይ፣ ልታረም፣ ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ ጣውላ እያሳዩ።

ወይዘሮ ተዋበች ጣውላውን «ገጽ ሁንልኝ» ቢሉት፣ «መላጊያው ካልላገኝ አልሆንም» አለ። መላጊያውን «ላገው» ቢሉት፣ «ድንጋዩ ካልሳለኝ አልልግም» አለ። መላጊያ አይልግ፣ ጣውላ አይለሰልስ፤ ሰኞም አይጠብቅ!

መሳያውን ድንጋይ «ሳለው» ቢሉት፣ «ውሃ ካላራሰኝ አልስልም» አለ። ውሃውም ከጋን ውስጥ ሆኖ፣ «እትዬ የሺእመቤት ካልከፈቱልኝ አልወጣም» አለ። ውሃ አያርስ፣ ድንጋይ አይስል፣ መላጊያ አይልግ፣ ጣውላ አይለሰልስ፤ ሰኞም አይጠብቅ!

እትዬ የሺእመቤት የአናጢው ሚስት ናቸው።

«አልከፍትም እቴ! ለሰው ዋንዛ እየመረጠ፣ ለእኔ በጥሬ ባሕር ዛፍ ገበታ ሠራልኝ። ተጣሞ ወጡ እንግዳዬ ጭን ላይ ወረደ! መጀመሪያ ‹አጠፋሁ› ይበል!»

«እኔ?» አሉ ጋሼ ሽብሩ። «የተጣመመው ወለሉ ነው!»

ባል አያምኑ፣ ሚስት አይከፍቱ፣ ውሃ አያርስ፣ ድንጋይ አይስል፣ መላጊያ አይልግ፣ ጣውላ አይለሰልስ፤ ሰኞም አይጠብቅ!

«በቃልዎ ካፈሩ እኔ ልጻፍልዎ» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። በጠረጴዛ ላይ፣ አይ፣ ጠረጴዛ የት አለና፣ በጉልበታቸው ላይ ጻፉ፦

«ለክብርት ወይዘሮ የሺእመቤት። ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለ መጠየቅ። እኔ አመልካች ጥሬውን እንጨት ደረቅ ነው ብዬ ገበታ ከመሥራቴም በላይ፣ ንጹሑን ወለል ያለ ጥፋቱ ወንጅያለሁ።»

ጋሼ ሽብሩ እየተቁነጠነጡ ፈረሙ።

«ፊርማ ብቻ? ቆሞ ያንብበው!» አሉ ሚስት።

ቆመው አነበቡ። «ንጹሑን ወለል» ሲሉ እትዬ የሺእመቤት ሳቃቸው አመለጣቸው።

ባል አመኑ፤ ሚስት ከፈቱ፤ ውሃ አራሰ፤ ድንጋይ ሳለ፤ መላጊያ ላገ፤ ጣውላ ለሰለሰ፤ ሰኞም ደረሰ።

ማለዳ ከአዲሱ ገጽ ፊት ቀድመው የተቀመጡት ባለጉዳይ እትዬ የሺእመቤት ነበሩ።

«ጻፊልኝ እቴ። ጉዳዩ፦ የዋንዛ ገበታ ስለ ማግኘት። ተጠሪ፦ ባሌ። ቀጠሮ፦ ለነገ።»

ብዕሩ ወረቀቱን ሳይበሳ ሄደ።