ሁለት ጓጉንቸር የተቆለፈበት መጠለያ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «አውርደው፣ እንስማው» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ተሰብስበው ሹም በሚሾሙበት፣ ወንዝና ብረት ተጠይቀው በሚመልሱበት ዘመን፣ ሁለት ሰፈሮች ነበሩ። አንዱ ላይ ሰፈር፣ አንዱ ታች ሰፈር ይባላል። የላይ ሰፈር ሊቀመንበር አንድ የሰባ የበግ ሙክት ነበር። የታች ሰፈር ሊቀመንበር ደግሞ በቅሎ ነበረች፤ አባቷን ሲጠይቋት አጎቷን የምትጠራዋ በቅሎ፣ መቼም ታውቋታላችሁ። በሁለቱ መካከል በበጋ የምትደርቅ፣ በክረምት የምትሞላ ትንሽ ወንዝ አለች። ወሰናቸው እሷ ናት።

ቦሪት የምትባል ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ውሻ ነበረች። ባለቤት የላትም። ጅብ ሲመጣ ግን ለሁለቱም ሰፈር ትጮሃለች፣ ለሁለቱም ታባርራለች። ሲነጋ ደግሞ ከላይ ሰፈር በድንጋይ ያባርሯታል፣ ወደ ታች ትሮጣለች። ከታች ያባርሯታል፣ ወደ ላይ ትሮጣለች። እንዲህ ስትሮጥ ቀኗ ደረሰና በደረቁ ወንዝ መሀል፣ ከአንድ ዓለት ሥር ሦስት ቡችሎች ወለደች።

አሁን ስለ መጠለያው ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ሁለቱ ሰፈሮች ተባብረው፣ ከወንዙ ራስ ካለው ጉብታ ላይ፣ ባለቤት ለሌላቸው እንስሳት ቤት ሠርተው ነበር። ጥሩ ቤት ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ወለሉ ጭድ ተነጥፎበታል። ሲመረቅ ተጨበጨበ፣ ተጨፈረ። ከዚያ በኋላ ግን «ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ?» ተባለ። አንዱ ሌላውን አላመነም። ስለዚህ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አንጠለጠሉ። የአንዱን ቁልፍ ሙክቱ አንገቱ ላይ አሰረ፣ የሌላውን በቅሎዋ አንገቷ ላይ አሰረች። በዚህ ላይ አንድ ደንብ ጨመሩ፦ «ቀድሞ የከፈተ እሱ ይቀልባል።»

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ደንብ ከወጣ በኋላ ማን ቀድሞ ይከፍታል? ቤቱ ባዶውን ዓመት ደፈነ።

ሰኔ ገባ። ሰማዩ ጠቆረ። ቦሪት ልጆቿን ላሰቻቸውና ወደ ላይ ሰፈር ሮጠች።

«ጋሼ ሙክት፣ ጋሼ ሙክት፣ ቁልፍዎን ያውጡልኝ! ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። ዝናቡ መጣ።»

ሙክቱ የሚያመሰኳውን ዋጠ። «ባለፈው ጅቡን ያባረርሽው ከየት በኩል ነበር?»

«ከሁለቱም በኩል፣ ጌታዬ።»

«አየሽ! እንግዲያው ግማሽሽ የእነሱ ነሽ። እነሱ ይክፈቱ፣ እኔ እከተላለሁ። ለማንኛውም ኮሚቴው ይየው። ማክሰኞ ተመለሽ።»

ቦሪት ተመለሰች። በደረቁ አሸዋ ላይ ቀጭን ውሃ ይንቆረቆር ጀምሯል። ወንዟ ተናገረች፦

«ቦሪት ሆይ፣ ልጆችሽን አንሺ። መጣሁ።»

«እባክሽ ጥቂት ታገሺኝ።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ? የሚገፋኝ ከላይ ነው።»

በማግስቱ ቦሪት ወደ ታች ሰፈር ሮጠች።

«እሜቴ በቅሎ፣ እሜቴ በቅሎ፣ ቁልፍዎን ያውጡልኝ! ውሃው ከዓለቱ ጥግ ደርሷል።»

«ውይ፣ የኔ እናት!» አለች በቅሎ። «እኔስ ሆዴ ይራራል። ደንብ ግን ደንብ ነው። የላይ ሰፈር ነዋሪ አለመሆንሽን የሚገልጽ መሸኛ ይዘሽ መጥተሻል?»

«አልያዝኩም፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው አምጪ።»

ቦሪት እየሮጠች ወደ ሙክቱ ወጣች። ሙክቱ ሳቀባት። «ነዋሪያችን ላልሆነች እንዴት መሸኛ እንሰጣለን?» አላት። እየሮጠች ወደ በቅሎዋ ወረደች። በቅሎዋ «ያለ መሸኛ አይሆንም» አለቻት። ቀኑ በዚህ አለቀ። እግሯ ደማ፣ ጡቷ ደረቀ፣ ቡችሎቹ ጮሁ።

ልቧ አላርፍ ሲላት ወደ መጠለያው ወጣችና ጓጉንቸሮቹን ለመነች።

«እናንተ ብረቶች፣ እናንተ እንኳ ራሩልኝ።»

የላይ ሰፈሩ ጓጉንቸር «እሱ ይከፈት፣ እኔ እከተላለሁ» አለ። የታች ሰፈሩም «እሱ ይከፈት፣ እኔ እከተላለሁ» አለ።

«የምትናገሩት የእነሱን ነው» አለች ቦሪት።

«ታዲያ ያሠሩን እነሱ አይደሉ?» አሏት ሁለቱም።

ወንዟ ዳግመኛ ተጣራች፦ «ቦሪት ሆይ፣ ልጆችሽን አንሺ። ዛሬ ከትናንቱ በዝቻለሁ።»

የት ታንሳቸው? ወደ ቀኝ ብታወጣቸው ድንጋይ ነው፣ ወደ ግራ ብታወጣቸው ድንጋይ ነው። ጉያዋ ውስጥ አቅፋቸው ተቀመጠች። እኔ እዚህ ስደርስ «ምነው ያን ጊዜ ይዛቸው በጠፋች!» እላለሁ። ግን እናት ናት፤ ቤቱ ከፊቷ ቆሞ እያየችው እንዴት ተስፋ ትቁረጥ?

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሊቀመናብርት ራሳቸው መጡ። ቦሪት ደስ አላት፤ ጅራቷን ቆላች። እነሱ ግን ገመድ ይዘው ነው የመጡት። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ጥለው መሀሉን ለኩና ወሰኑ በቦሪት ወገብ ላይ እንደሚያልፍ አገኙ።

«ጭንቅላቷ በእናንተ በኩል ነው» አለ ሙክቱ። «የምትበላው በአፏ ነው። ስለዚህ እናንተ ቀልቧት።»

«ኋላዋ በእናንተ በኩል ነው» አለች በቅሎ። «የወለደችው በኋላዋ ነው። ስለዚህ ልጆቹን እናንተ አሳድጉ።»

«ብትዞርስ?»

«ከዞረችማ እንደገና ይለካል!»

ውሃው ሰኮናቸውን ነካ። ቡችሎቹ ተንጫጩ። ይሄኔ ከቁጥቋጦው ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው አልኩ እንዴ? ጅብ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል የተባለው እሱ ነው።

«ጌቶቼ፣ ስትቸገሩ አይቼ አላስችለኝ አለ» አላቸው። «እኔ የላይም አይደለሁ፣ የታችም አይደለሁ። ገለልተኛ ነኝ። ቁልፎቹን ለእኔ ስጡኝና ከዚህ ጣጣ ልገላግላችሁ።»

ሙክቱ በቅሎዋን አያት። በቅሎዋ ሙክቱን አየችው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

«እሱ እኮ ጅብ ነው!» ብላ ጮኸች ቦሪት። «አይታያችሁም? ጅብ ነው!»

«አንቺ ጉዳዩ የሚመለከትሽ ስለሆንሽ» አለች በቅሎ፣ «አስተያየትሽ አይያዝም።»

ደብዳቤ ተጻፈ፦ «ባለቤት የሌለውን ሁሉ አያ ጅቦ ያስጠልል።» ሁለት ማህተም ተመታበት። ሁለቱም ቁልፎች ከሁለቱ አንገት ወርደው በጅቡ አንገት ላይ ታሰሩ። ሊቀመናብርቱ ተጨባብጠው፣ ዝናቡ ሳይይዘን ብለው፣ ወደየቤታቸው ሮጡ።

ጅቡ ሁለቱንም ጓጉንቸር በአንድ ጊዜ ከፈተ። በሩ ላይ ቆሞ ተጣራ፦

«ነይ እህቴ፣ ግቢ። ጭዱ ሙቅ ነው። መጀመሪያ ልጆቹን አስገቢያቸው።»

ከፊቷ ጅብ፣ ከኋላዋ ጎርፍ። ዝናቡ ወረደ። ቦሪት አንዱን ቡችላ በአፏ አነሳችና ዳገቱንና ጥሻውን አልፋ ከሁለቱም ሰፈር ውጭ ካለው ማዶ ገደል ደረሰች። እዚያ አንዲት ሽኮኮ ከድንጋይ ስንጥቅ ብቅ አለች።

«አላወቅሁሽም» አለች ሽኮኮ። «ዝናብ ግን እየዘነበ ነው። ግቢ።»

«ሁለት ይቀሩኛል።»

«ሂጂ አምጪያቸው። ይህን እኔ አቅፈዋለሁ።»

ሮጣ ተመለሰች፣ ሁለተኛውን አመጣች። እንደገና ሮጠች። ስትደርስ ዓለቱ አይታይም። ውሃ ብቻ ነው።

«ወንዜ፣ ወንዜ! ትንሹን፣ አንዱን ብቻ መልሺልኝ!»

«ቦሪት ሆይ፣ ወደ ኋላ መሄድ አላውቅም» አለች ወንዟ። እያለቀሰች ይዛው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰፈሮች ጥቂት ቀን ጸጥ አሉ። የሚጮህ የለም። ሙክቱ «አረፍን» አለ፣ በቅሎዋም «አረፍን» አለች። በሳምንቱ የሙክቱ እህት ግልገል ከበረቱ ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ሣር ሲነጭ ጠፋ። ሙክቱ ወደ መጠለያው ሮጦ በሩን መታ።

«ግልገላችንን መልስ!»

ጅቡ ደብዳቤውን በበሩ ሽንቁር አሳየው። «ባለቤት የሌለውን ሁሉ አስጠልል ይላል። ሳገኘው ብቻውን ነበር። ይኸው ማህተምህ።»

በሁለተኛው ሳምንት የበቅሎዋ ጎረቤት የሆነችው የአህያዋ ውርንጭላ ጠፋች። በቅሎዋ ሮጠች፣ በሩን መታች፣ ደብዳቤውን አየች፣ ማህተሟንም አየች። ሦስተኛው ማን ይሆን? ከበረት ወጥቶ የሚግጥ ታጣ። እናቶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን ውሃ እንኳ አይሰዱም። ሙክቱ ከሳ። በቅሎዋ ጥላዋን አይታ ትደነብር ጀመር።

በመጨረሻ ሁለቱ ሊቀመናብርት ተያይዘው ወደ ማዶው ገደል ሄዱ። ቦሪት በሽኮኮዋ ደጃፍ፣ ሁለት ጠንካራ ቡችሎቿን ይዛ ተቀምጣለች።

«ቦሪትዬ፣ ልጃችን፣ ነይ እንሂድ» አለ ሙክቱ። «የላይ ሰፈር ነዋሪነት መታወቂያ ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«የለም፣ እሷ የእኛ ናት!» አለች በቅሎ። «ከጥንትም የታች ሰፈር ናት። እኔም መታወቂያ ይዣለሁ።»

«የእኛ ናት!»

«የእኛ ናት!»

ቦሪት እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፦

«ትንሹን ልጄን ውሃው ከመታጠፊያው አሸዋ ላይ እንደጣለው ወፎች ነግረውኛል። ማን ቀበረው?»

ሙክቱ መሬት መሬቱን አየ። በቅሎዋ ጆሮዋን ጣለች።

«አሸዋው እኮ...» ብሎ ጀመረ ሙክቱ፣ «አሸዋው በእነሱ በኩል...»

አልጨረሰውም። ቦሪት ተነሥታ ልጆቿን አስከትላ ወደ ድንጋዩ ቤት ገባች። ሁለቱ መታወቂያዎቻቸውን ይዘው፣ በየጥሻው እየተገላመጡ፣ ወደ ጅባቸው ተመለሱ።

«አንተ ቅደም» የሚባባሉበትን በር ጅብ ይከፍተዋል።

ተረቴን ይኸው አስረከብኩ። እናንተዬ፣ እርስ በርስ አትተያዩ፤ አንዳችሁ እንኳ ተቀበሉኝ።