ለእርቅ የተያዘው የኮኮናት ጽዋ

አንድ የድሬዳዋ ሰው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሊታረቅ ሲሄድ፣ ከጋቢው ሥር ጽዋ ደብቆ ሄደ።

ጽዋው የአባቱ ነው። ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ፣ አፉና እግሩ በብር የተለበጠ፤ በአንድ ጎኑ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ፣ በሌላው በፈረስና በውሻ ቀበሮ የሚያሳድዱ አዳኞች ተቀርጸውበታል። አባቱ ጅቡቲ ወደብ ሲሠሩ አንድ መርከበኛ ሰጥቷቸው፣ "መርዝ ከነካው ይሰነጠቃል" ብሏቸዋል አሉ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል? ሰውየው ግን አምኗል።

ለምን ይዞት ሄደ? ወንድሙን ስላላመነ ነዋ! በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ስንት ዓመት ተኳርፈዋል። አንድ ወሬኛ ጎረቤትም "ተጠንቀቅ" ብሎታል። እናታቸው ግን አልጋ ይዘው፣ "ሳልሞት አብራችሁ ስትጠጡ ልይ" ብለው ሽማግሌ ላኩ። የእናት ነገር ሆነበትና ሄደ።

ሽማግሌዎቹ በእናታቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው "እርቅ ደም ያደርቅ" ብለው መረቁ። ወንድሙ ሰይፉ ብርዙን እንደ ወጉ በመዳፉ አፍስሶ ቀመሰ፤ በብርጭቆ ቀድቶም ከፊቱ አኖረለት።

ተጠርጣሪ ልብ መች ይጠግባል? "መጠጡን ቀመሰ፤ ብርጭቆውንስ ማን ቀመሰው?" አለ በሆዱ። ጽዋውን አወጣ።

"በዚህ ገልብጥልኝ፤ የአባባ መታሰቢያ ነው።"

ሰይፉ ጽዋውን አየው። "ጋሼ፣ አባባ የዚህን ጽዋ ነገር ሲያወሩ እኔም እኮ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር" አለው።

እናታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰውየው አፈረ። ጽዋውን መሬት አስቀመጠና ብርጭቆውን አነሣ። ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። እናታቸው ዞር ብለው አዩት፤ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ እንባ ቀደማቸው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ፍርሃቱ እስኪለቀው ጠበቀ? አልጠበቀም። ከነፍርሃቱ ጠጣ።

እናንተስ? "ከልቤ ይቅር ብያለሁ" ትላላችሁ። እስቲ ጋቢያችሁን ግለጡት! የድሮው ቂም፣ ጎረቤት ያቀበላችሁ ወሬ፣ "ለማንኛውም" ብላችሁ የያዛችሁት ጥርጣሬ የለም? ወንድማችሁ አያይም መሰላችሁ? ያያል። እግዚአብሔርም ያያል።

ያኮረፋችሁት ሰው አለ። ስሙን እኔ አልጠራም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። በአገራችን ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ዛሬ ግን ባዶ እጃችሁን ሂዱ።